ሲመሽ የሚያየው ጫንያለው

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ዛሬ የተጠለላችሁበት ሾላ ገና ፍሬ ሳለ የሆነውን ነው። ዓመተ ምሕረቱን የሚጠይቀኝ ካለ ከአሁኑ ተነስቶ ይሂድ። እኔም አላውቀው፣ የነገሩኝም አያውቁትም። ግራ እንደተጋቡ ነገሩኝ፣ ግራ እንደተጋባሁ እነግራችኋለሁ።

በዚሁ በእኛ መንደር፣ በገደል ግርጌ፣ ጫንያለው የሚባል ሰው ነበር። ቦሌ ቆፋሪ ነው። ቦሌ ታውቃላችሁ፤ ከብት የሚልሰው፣ ጨው ጨው የሚለው አፈር። ጫንያለው ጠዋት ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ቦሌውን ይቆፍራል፣ በጀርባው ተሸክሞ ወደ መንደር ይወጣል፣ ከብት ላለው ሰው ይሰጥና እህል ይቀበላል። አህያ የለውም። ሚስት የለችውም። ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ፣ ሰርግ ተጠርቶ በር አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

ሐይቁ ያኔም እንደ ዛሬው አረንጓዴ ነው። ዓሣ የለበትም። ውሃው አይጠጣም። ነፋስ ሲነፍስ አረንጓዴው ነገር እየተገፋ ዳር ላይ ይከማቻል፤ ሰዎቹ የሐይቅ ንፍጥ ይሉታል። እግራቸው ረጃጅም የሆኑ ወፎች ይበሉታል እንጂ ሰው በዱላ እንኳ አይነካውም።

ሦስት ዓመት ዝናብ ጠፋ። ላሞቹ ነጠፉ፣ ቅቤ ጠፋ፣ ጎመኑ ደረቀ። ሰው ደረቅ ቂጣ እየበላ ከረመ። ከዚያ ዳፍንት ገባ። ቀን ደህና የሚያየው ሁሉ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኑ ይጠፋል። መጀመሪያ ልጆቹ፣ ቀጥሎ እርጉዞቹ፣ ከዚያ ሁሉም። ሲመሽ መንደሩ ዳበሳ በዳበሳ ሆነ። አንዱ ሰው ቤቱ መስሎት የሰው ቤት ገብቶ እራት በልቶ ወጣ ይባላል፤ የቤቱ ሰዎችም አላወቁበትም። መቼም ይህን ስሰማ እስቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም።

ጫንያለው ግን ያያል። ሲመሽ ሁሉም እሱን ይጠራል፤ እሱም አንዱን በክንዱ፣ ሌላውን በትከሻው ይዞ በየቤቱ ያደርሳል። መጀመሪያ መረቁት። ከዚያ ምርቃቱን ተዉ። ከዚያ ይተያዩ ጀመር።

እትዬ ውድነሽ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ያላት ሴት ነበረች። ልጇ አሰገደች አንድ ምሽት ምድጃው አልታይ ብሏት እጇን እሳት ውስጥ ከተተች። እጇ ዳነ፤ ዓይኗ ግን ይብስባት ጀመር። ቀንም ብርሃን ይወጋታል። ያየ ሁሉ ልትታወር ነው አለ። እናትየዋ መንደሩ መሐል ቆማ ጮኸች።

«ሁላችን ስንጠፋ እሱ እንዴት ያያል? ቡዳ ነው! የእኛን ዓይን ሰብስቦ ወስዶ ነው!»

ጫንያለው ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። ግራ ገባው። ወስጄ ይሆን እንዴ አለ። ዓይን እንዴት እንደሚወሰድ አያውቅም፤ ግን ድሃ ሰው ሌሎች ስለሱ የሚሉትን ቶሎ ያምናል። ሳላውቅ ወስጄ ከሆነ ልመልስ፣ እንዴት እንደምመልስ ንገሩኝ ብሎ ለመናቸው።

ጠበል ወሰዱት። መምሬ ክንፉ ሰባት ቀን አጠመቁት። ሰባት ቀን በብርድ ተንቀጠቀጠ፣ ሰባት ቀን ሰዉ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። የሚጮህ ነገር አልወጣም። በሰባተኛው ቀን ሲመሽ መምሬን እጃቸውን ይዞ ቤታቸው ያደረሳቸው ያው ጫንያለው ነው። መምሬም በራቸው ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ክፉ ነገር አላገኘሁብህም፤ ለምን እንደምታይ ግን እኔም አልገባኝም» አሉት። እሱም አልገባውም። ሁለቱም እንዳልገባቸው ተሳስመው ተለያዩ።

ሰዉ ግን አልተወውም። ከመንደሩ ይውጣና ዓይናችን ይመለሳል አሉ። ጫንያለው ወጣ። ገደሉን ወጥቶ ደጋ ገባና ለማያውቃቸው ሰዎች እንጨት እየፈለጠ ተቀመጠ። ደረቅ ቂጣ ይሰጡታል፣ ይበላል። ጥር አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። ከታች ለሚመጣ መንገደኛ ሁሉ፣ ዓይናቸው ተመለሰ ወይ ይላል። አልተመለሰም ይሉታል። ሰኔ ሲገባ አንድ ምሽት ግንድ መስሎት የተኛ ውሻ አነሳ። ነከሰው። የእሱም ዓይን ሄዷል።

አሁን ነው ይበልጥ ግራ የገባው። የእነሱን እኔ ወስጄ ከሆነ የእኔን ማን ወሰደው? ሌባ አለመሆኑን በማወቁ ደስ አለው፤ በደስታው ደግሞ አፈረ። እየሳቀ አለቀሰ ይላሉ፤ እኔ አላየሁም።

ወደ መንደሩ ተመለሰ። ሰዉ እንደነሱ ሲደናበር ሲያየው እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ተቀበለው። እሱም ወደ ቦሌው ወረደ። ጥቂት ሳምንት ሆነው። አንድ ምሽት ወደ ቤቱ ሲወጣ መንገዱ ወለል ብሎ ታየው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እዚህ ያለ፣ ደጋ የሌለ ነገር ምንድን ነው? ቦሌው ነው? አልላሰውም። ነፋሱ ነው? ነፋሱ ለሁሉም ይነፍሳል። እንዲህ ሲል ቆይቶ ገባው፤ በገባውም ጊዜ ምነው ባልገባኝ አለ።

የደበቀው ነገር ነበራ። ጫንያለው በርበሬ የለውም፣ ሽሮ የለውም። ባዶ ቂጣ አልወርድ ሲለው ያንን የሐይቅ ንፍጥ በነጠላው ጫፍ ያጠልለዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ትኩስ ድንጋይ ላይ አድርቆ ይፈረፍረዋል፣ ቂጣው ላይ ነስንሶ ይበላዋል። ይህን ያደረገው ስንት ዓመት ነው! ሰው እንዳያየው ቋጥኝ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚበላው። ቢታወቅ ማን ከእጁ ይቀበላል? ማን ቤቱ ያስገባዋል? የዓይን ሌባ ሲሉት ቢያንስ ይፈሩታል። ንፍጥ በላ ቢሉትስ?

ሁለት ቀን ምስጢሩን ይዞ ቦሌ ሲቆፍር ዋለ። በሦስተኛው ቀን አሰገደችን አያት። በጠራራ ፀሐይ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍናለች፣ እናቷ ትጎትታታለች። ጫንያለው ቤቱ ገብቶ ምሳውን ቋጠረና ሰዉ ወደሚሰበሰብበት ጥላ ሄደ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሐል ላይ ቆመ። ቋጠሮውን ፈታው።

«እኔ የምበላው ይህን ነው። የሐይቁን ነው። የማየው በዚህ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። እትዬ ውድነሽ፣ ለልጅሽ ስጪያት።»

ሰዉ መጀመሪያ ምን እንዳለ አልገባውም። ሲገባው የሳቀ ሳቀ፣ የተፋ ተፋ። ዓይናችንን ጨርሶ ደግሞ ሊመርዘን ነው ያለም ነበር። ጫንያለው መሬት መሬት እያየ ቂጣውን ዘርግቶ ቆመ። 

እትዬ ውድነሽ ተነሳች። «ልጄን ከማብላቴ በፊት እኔ እቀምሰዋለሁ» አለች። ቆርሳ ጎረሰች። ፊቷ ተኮማተረ። አኘከችው፣ ዋጠችው፣ ሌላ ቆረሰች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ትሞት እንደሆነ ጠበቀች። ሰዉም ከበባትና ጠበቀ። ከሰዓቱ እንዲሁ አለፈ፤ አልሞተችም። ጫንያለው አጠገቧ ቁጭ ብሎ እሷ የተወችውን በላ፤ በሰው ፊት ሲበላው ያ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ ከሱ ቋጠሮ በሉ። በስምንተኛው ቀን ፀሐይ ጠልቃ፣ ገና መብራት ሳይበራ፣ አሰገደች እናቷን ትክ ብላ አየችና፣ «እማዬ፣ ጥርስሽ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ» አለቻት።

እናትየዋ ጩኸቷን ለቀቀችው። ጎረቤቱ ልጅቷ የሞተች መስሎት ግድግዳ እየዳበሰ መጣ። ደርሶ ሲሰማ ማን ማንን አቅፎ እንደሚያለቅስ አልታወቀም፤ በጨለማው አይተያዩማ። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ነጠላውን ይዞ ሐይቁ ዳር ነበር።

ባለፈው ዓመት የመጣችው የጤና ባለሙያ፣ ያ ንፍጥ በዓይን የማትታይ፣ ውሃ ውስጥ የምትራባ ደቃቅ አልጌ ናት፣ ለዓይን የሚሆን ቫይታሚን አላት አለችኝ። አረንጓዴ ውሃ ሁሉ ግን አይበላም፣ የሚመርዝ አለ፣ ሳታስመረምሩ እንዳትነኩ ብላ አስጠንቅቃናለች። በዓይን የማትታይ ነገር ዓይን ማዳኗ ይኸው እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል።

ጫንያለው አርጅቶ ሞተ። እትዬ ውድነሽ ይቅርታ ጠየቀችው የሚሉ አሉ፣ አልጠየቀችውም የሚሉም አሉ። የተረፈን ይህ ወግ ነው። በገደል ግርጌ ሰው የከሰሰ ሰው ክሱን ከመናገሩ በፊት ከተከሳሹ ምሳ ቆርሶ ይበላል። ካልበላ አይሰማም። የጫንያለው ጉርሻ እንለዋለን።

እኔም በጎልማሳነቴ ጎረቤቴን ልከስ ከዚሁ ሾላ ሥር ቆሜ ነበር። ምሳውን ፈታልኝ። የተቆላ ባቄላ ነበር፣ ያውም ግማሹ ያረረ። ስድስት ልጆች እንዳሉት እያወቅሁ ምን እንደሚበሉ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። አኘክሁት። ሽማግሌዎቹ በል ተናገር አሉኝ። ክሴን ብፈልገው ጠፋኝ፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁትም።