የቁም ሣጥኑ ሽኝት

መኪና የሚወድ አንድ ሰው ነበረ።

ጋሽ ዘርጋው በዚህ ሲጀምሩ ጠያቂዋ ግራ ገባት። የመጣችው ስለ መኪና ልትጠይቅ አልነበረም። ያሳደገቻት አክስቷ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። ለሙት ዓመቱ ፎቶዋን በትልቁ አሳትማለች፤ ዘመድ ሁሉ የሚለብሰው ካናቴራም አሠርታለች። አክስቷ በሕይወት ሳለች ግን ስትደውልላት «ስብሰባ ላይ ነኝ» እያለች ትዘጋባት ነበር። ስብሰባ ያልነበረበት ቀን ብዙ ነው። አሁን እንባዋ አልቆም ቢላት ወደ ሽማግሌው መጣችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ለቅሶዬ ፍቅር ነው ወይስ ውሸት?» አለቻቸው። ጋሽ ዘርጋው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ሁሉ በመሪና በፍሬን ነው የሚታያቸው። ይህን ስለምታውቅ ታገሠቻቸው። እሳቸውም ቀጠሉ።

ያ ሰው መኪና የሚወደው ሌላው እግር ኳስ እንደሚወደው ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለው ላቫጆ ከወዳጆቹ ጋር ይሰበሰባል። ኮፋኖ ይከፈታል፤ የሞተር ድምፅ ይደመጣል፤ የአንዱ ጎማ ይደነቃል፤ የሌላው ማርሚታ ጭሱ ይታማል። ሰውየው አፈ ጮሌ ስለሆነ መኪና ገና ከበሩ ሲገባ ስም ያወጣለታል። እሱ ያወጣው ስም ደግሞ አይፋቅም።

በዚያ ዘመን አንድ የውጭ ፋብሪካ ሌላውን የማይመስል መኪና ይሠራ ነበር። ሌላው ሁሉ ለነፋስ እንዲመች ተሞርዶና ተድቦልቡሎ ሲወጣ፣ ይህኛው አራት ማዕዘን ነው። ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ጣሪያው ከፍ ብሎ ጠፍጣፋ። ሕፃን ልጅ መኪና ሣል ቢባል የሚስለው ዓይነት። ሰውየው «ቁም ሣጥን» አለው፤ ከተማውም ስሙን ተቀበለ። ያ መኪና ላቫጆው በር ላይ ብቅ ሲል አንዱ፣ «መኪና ነው ኮንዶሚኒየም?» ይላል። ሌላው ነጂውን፣ «ዕጣው ደረሰህ እንዴ?» ይለዋል። ሰውየው ደግሞ፣ «ቀስ በሉ፣ ውስጡ ልብስ ተሰቅሏል» ይልና ሁሉንም ያስቃል።

አንድ ማንም የማያውቀው ነገር ነበረ። ሰውየው ያን መኪና በልቡ ይወደው ነበር። በልጅነቱ ግድግዳ ላይ በከሰል እየሣለ እናቱን የሚያስቆጣው ያንኑ ቅርጽ ነው። አንድ ጊዜ ሊገዛው ሻጩ ዘንድ ሄዶ ነበር። በሩን ከፍቶ ገባ፤ መሪውን ያዘ፤ ደስ አለው። ያን ጊዜ ከመስኮቱ ውጭ አንድ የላቫጆ ወዳጁ ሲያልፍ አየ። ከመሪው ሥር ጎንበስ አለ። ወዳጁ እስኪያልፍ ድረስ ጎንበስ እንዳለ ቆየና፣ ወርዶ ሌላውን መኪና ገዛ፤ ድቡልቡሉን።

ቁም ሣጥኑን የገዛችው እህቱ ናት። በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ «እትዬ» ይላታል። ለውበቱ ብላ አልነበረም። አባታቸው ግማሽ አካላቸውን ካመማቸው ወዲህ ከዊልቸር አይነሡም። በሌላ መኪና ሲሄዱ ጎረምሶች ተሸክመው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው ነበር የሚያስገቧቸው። ኮፍያቸው ሁልጊዜ ይወድቃል። ሽማግሌው አንድ ቀን፣ «ዕቃ አይደለሁም፤ ታጥፌ አልገባም» አሉና ከቤት መውጣት ተዉ። የቁም ሣጥኑ የኋላ በር ግን እንደ ቤት በር ወደ ጎን ወለል ብሎ ይከፈታል። እህትየው ጣውላ ትዘረጋለች፤ ዊልቸሩን ትገፋለች፤ አባት ከነኮፍያቸው፣ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ይገባሉ። በመስኮቱ ከተማውን ያያሉ። ለሚያውቁት ሰው ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላምታ ይሰጣሉ።

አንድ እሑድ እህትየው ላቫጆው ድረስ መጣች።

«ወንድምዓለም፣ የኋላው በር ማጠፊያው ላልቷል። ኮረኮንች ላይ ብርግድ ይላል፤ አባባን ይዤ እየሄድኩ እፈራለሁ። አንተ መለዋወጫ ሻጩን ሁሉ ታውቀዋለህ። እባክህ አንድ ቀን አብረን እንሂድ።»

ወዳጆቹ ጆሯቸውን አቁመው ቀልዱን ይጠብቃሉ። ቀልዱም አፉ ላይ ደርሷል።

«እትዬ፣ ቁም ሣጥን ጋራዥ አይሄድም» አላት። «አናጢ ጋ ውሰጂው።»

ላቫጆው በሳቅ ፈረሰ። አጣቢዎቹ እንኳ ውኃውን ዘግተው ሳቁ። እህትየውም አብራ ሳቀች። በሩን በገመድ አሰረችና ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ላቫጆው አልመጣችም። እሱም «ነገ እደውልላታለሁ፤ ሳምንት ሄጄ አባባን አያቸዋለሁ» እያለ ከረመ።

ወራት አለፉ። ፋብሪካው ያን መኪና መሥራት ማቆሙ ተሰማ፤ ገዢ አጣ ተባለ። ይሄኔ ሲስቁበት የኖሩት ሁሉ ሐዘን ተቀመጡ። ስልካቸው ላይ የገዛ ፎቷቸውን አውርደው የመኪናውን አደረጉ። ተቀምጦበት የማያውቀው፣ «የልጅነት ሕልሜ ነበር» አለ። «መኪና ነው ኮንዶሚኒየም?» ይል የነበረው፣ «እንዲህ ያለ ዳግም አይወለድም» ብሎ ጻፈ። ሰውየው ግን ከሁሉ የሚያምረውን ጻፈ። «ሁሉ ለነፋስ ሲያጎነብስ፣ እሱ ብቻ ቀጥ ብሎ ኖረ» አለ። ቃሉ ከስልክ ስልክ ሲዞር ዋለ። ሲጽፈው አልቅሷል፤ የምሩን ነው። ከመሪው ሥር ጎንበስ ያለበት ቀን ትዝ ብሎት ነው ያለቀሰው።

ሽኝት ይደረግ ተባለ። እንደ ሙሽራ አጀብ መኪኖቹ ተሰልፈው፣ ክላክስ እያሰሙ ከተማውን ሊዞሩ ተስማሙ። በየመኪናው የፊት መስታወት ላይ በሁለቱም ገጽ የታተመ የቁም ሣጥኑ ፎቶ እንዲለጠፍ ተወሰነ። አጀቡን የሚመራው ሰውየው ስለሆነ ትልቁ ፎቶ የደረሰው ለእሱ ነው፤ መስታወቱን ከግማሽ በላይ ሸፈነው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ በዚህ ይታይሃል?» አለው አንዱ።

«መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ» አለ።

በቁም ሣጥን ሽኝት ላይ ቁም ሣጥን የሚነዳ አንድም ሰው አለመኖሩን ግን ማንም ልብ አላለም። የተሰለፈው ሁሉ ድቡልቡል ነበር።

በዚያው ጠዋት እህትየው አባቷን ከቤተ ክርስቲያን ይዛ ወደ ቤት እየተመለሰች ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ገመዱ ተበጠሰና የኋላው በር ብርግድ አለ። ዳር ይዛ ቆመች፤ ፍሬቻ አበራች፤ ወርዳ በሩን በነጠላዋ ታስር ጀመር። አጀቡ ከላይ እየጮኸ መጣ። ከሰውየው ጎን የሚነዳው ወዳጁ ከጀርባዋ ያላወቃትን ሴት ሲያይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እህት! ቁም ሣጥንሽን አንሺልን፣ ሽኝት ላይ ነን!» ብሎ ጮኸባት።

ሰውየው የወዳጁን ሳቅ ሰማ። ምን እንዳሳቀው ሳያይ እሱም ሳቀ። ከፊቱ የሚታየው ፎቶው ብቻ ነው። በፎቶው ውስጥ መኪናው ታጥቦ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሰው ሳይኖርበት፣ ከጥርት ያለ ሰማይ በታች ቆሟል። ክላክሱን ተጫነው። እህትየው ድምፁን ሰምታ ወደ ዳር ዘለለች። ሰውየው ቀጥሎ የሰማው የብረት ድምፅ ነው።

«ሰው መንገድ ላይ እንዲህ ይቆማል? ዓይን የላችሁም?» እያለ በቁጣ ወረደ።

በመጀመሪያ ያየው መሬት ላይ የወደቀ ኮፍያ ነው። ቀጥሎ ተጨማዶ የተንጠለጠለውን በር አየ። ቀጥሎ እህቱን። ነጠላዋ እጇ ላይ ነበር።

አልጮኸችበትም። «ወንድምዓለም» አለችው፤ «አናጢ ጋ ልወስደው ነበር እኮ።»

ከውስጥ የአባት ድምፅ መጣ። ደንግጠዋል እንጂ አልተጎዱም። «ማነው የገጨን?» አሉ።

«አይዞዎት አባባ፣ ልጅዎ ነው» አለች እህትየው።

ሽማግሌው፣ «ሊጠይቀን መጥቶ ነው?» አሉ።

 ከኋላ ያሉት ነገሩን ሳያውቁ ክላክሳቸውን ይነፋሉ። አንዱማ ወርዶ በስልኩ እየቀረጸ፣ «ይኸው አንድ ተገኘ! ከነሕይወቱ!» ይላል። ሰውየው ወደ መኪናው ተመልሶ ገባና ፎቶውን ከውስጥ ይልጥ ጀመር። ማጣበቂያው አልለቅ አለው። በጥፍሩ ፋቀው፤ ተቀደደ። በተቀደደው በኩል አሻግሮ እህቱን አያት። ጎንበስ ብላ የአባቷን ኮፍያ ከመሬት አንሥታ አቧራውን ታራግፋለች። ፎቶውን ትቶ ሄደና ኮፍያውን ከእጇ ተቀበለ፤ ራሱም አባቱ ራስ ላይ አደረገው።

በማግሥቱ መለዋወጫ ሻጮቹ ዘንድ ሄደ። ሁሉም አንድ ቃል ነበራቸው። «ወንድሜ፣ መኪናው ቆመ እኮ፤ አልሰማህም? በሩ ከየት ይመጣል?» አንዱ ሻጭ ሊያጽናናው ብሎ ስልኩን አወጣ። «እንዲያውም አንዱ የጻፈውን ስማ፤ አንጀት ይበላል» አለና «ሁሉ ለነፋስ ሲያጎነብስ» የሚለውን እስከ መጨረሻው አነበበለት። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። የጻፍኩት እኔ ነኝ አላለም።

ክረምቱ ገባ። አባት ከቤት ሳይወጡ ከረሙ፤ ኮፍያቸውም ምስማር ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ሰውየው እየመጣ አጠገባቸው ይቀመጥ ጀመር።  አባትም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ በመስኮት ስለሚያዩት ነገር ሁሉ ይነግሩት ጀመር። አንድ ቀን፣ «መኪናውን ማን ሊጠግነው ነው?» ብለው ጠየቁት። ያን ጊዜ ሰውየው የተናገረውን ቀልድ አስታወሰ፤ ሌላ መንገድም አልነበረውም። አናጢ ጋ ሄደ።

አናጢው መጥቶ በሩ የነበረበትን ቦታ አየና፣ «ደግነቱ ቀጥ ያለ ነው» አለ። «እንደነዚያ ድቡልቡሎቹ ቢሆን እጄን አላስገባም ነበር።» ከጣውላ ሠራው፤ ቆርቆሮም አለበሰው። ቀለሙ ከሌላው ጋር አልገጠመም። ሲዘጋ ድምፁ እንደ ቁም ሣጥን በር ነው። ግን ይዘጋል። መስከረም ላይ ሰውየው ዊልቸሩን ራሱ ገፍቶ አባቱን አስገባ። በላቫጆው በር ሲያልፉ ወዳጆቹ ለአንድ አዲስ መኪና ስም እያወጡ ይስቁ ነበር። አባት ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላም አሏቸው።

ጋሽ ዘርጋው እዚህ ላይ አበቁና ወደ ጠያቂዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው አንቺን ይመስላል። እንባው ውሸት አልነበረም፤ ያንቺም ውሸት አይደለም። የሚወደውን በሰው ፊት ለመውደድ ያፈረ ሰው፣ ሁሉም ሲያለቅስ ደፍሮ ያለቅሳል፤ ያን ጊዜ አያሳፍርማ። ጥፋቱ ማልቀሱ አይደለም። ጥፋቱ ፎቶውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ መንዳቱ ነው። የአክስትሽን በር የሚሠራልሽ አናጢ የለም፤ እሱን ልዋሽሽ አልችልም። ለመሆኑ በዚያ ቤት ማን ቀረ?»

«ባለቤቷ አሉ» አለች ሴትየዋ። «ዓይናቸው ደክሟል።»

«መቼ ጠየቅሻቸው?»

«የካናቴራቸውን ልክ ላውቅ ብዬ ደውዬላቸው ነበር።»

«ምን አሉሽ?»

ሴትየዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «‹ልትመጪ ነው?› አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«ስብሰባ ላይ ነኝ አልኳቸው።»

ጋሽ ዘርጋው አልተቆጧትም። «እንግዲያው ፎቶውን ግድግዳ ላይ ስቀይው፤ መልካም ነው» አሉ። «የፊት መስታወቱን ግን ለመንገዱ ተይለት። ሽማግሌው ቁልቁለቱ ላይ ቆመው እየጠበቁሽ ነው።»