የአፋፉ ጓሳና የቆላው ምትክ

በደጋው አገር፣ የያዝከውን ልውሰድና እኩያውን ልስጥህ የሚል ሰው ሲመጣ ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ጠርገው ጣል የሚያደርጓት አንዲት ቃል አለች። መጀመሪያ ያወጣት ግን ሽማግሌ አልነበረም፤ ጣቱን የተነከሰ አሽከር ነው።

ነገሩ የመኪና መንገድ ሽቅብ ወደ ደጋ መውጣት በጀመረበት ዘመን ነው። ከመንደሩ በላይ ጓሳ የሚባል ረጅም ሳር የበቀለበት አፋፍ ነበር። ሕዝቡ በመሐላ ከልሎታል፤ በሦስት ዓመት አንዴ ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፣ ከዚያ በቀር ላምም ማጭድም አይገባበትም። ቀይ ቀበሮውም፣ ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭም በዚያው ተከልለው ኖረዋል። ጠባቂው አቶ ቢያድግልኝ ነበር፤ በሬው ወደ ድንበሩ ስለተጠጋ ብቻ የገዛ ወንድሙን ሳይቀር ያስቀጣ ሰው።

የወረዳው ገዥ ግራዝማች አጥናፌ መንገዱን በአፋፉ መሃል ሊያሳልፉ ቆርጠው መጡ። በነጻ ስጡኝ አላሉም። ከወንዙ ማዶ ቆላ ላይ ያንኑ የሚያህል መሬት በገመድ አስለክተዋል፤ እንዲያውም በሁለት ገመድ ይበልጣል አሉ። መንደርተኛው ተያየ። ሹም እንዴት እምቢ ይባላል?

አቶ ቢያድግልኝም እምቢ አላለም። የአገሩ ደንብ ይጠበቅ ብሎ ብቻ ለመነ። መሬት ሲለወጥ፣ የድሮው መሬት እንስሳ በአዲሱ ሰባት ቀን ካደረ ልውውጡ ይጸናል፤ ወደ ድሮው ከተመለሰ ይፈርሳል። ግራዝማች ደንቡን ያውቁታል። ላም ደግሞ እረኛ እስካላት ድረስ የትም ታድራለች።

"ንጉሥ ይሙት፣ ከተመለሰ መንገዱን አዞራለሁ" አሉ። ችኩል ሰው ነበሩ።

"እግዜር ይስጥልን ግራዝማች። እንግዲያው ቀበሮዋን ያስይዙልን።"

"የምን ቀበሮ?"

"ላም እዚያ ገብታ አታውቅም። የአፋፉ እንስሳ እሷ ናት።"

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። በንጉሥ የተማለ መሐላ፣ ያውም በአደባባይ፣ ተመልሶ አይዋጥም።

ጆሮዋ የተቀነጠሰ ቀበሮ በመረብ ተይዛ ስልቻ ገባች። የግራዝማች አሽከር ደምሰው ተሸክሟት ወረደ፤ ሊለቃት ስልቻውን ሲፈታ ጣቱን ነከሰችው። አቶ ቢያድግልኝ አፋፉ ላይ፣ ከጎሬዋ ፊት ለፊት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ሚስቱ ምሳ ባመጣች ቁጥር ትጠይቀዋለች።

"ባትመጣስ?"

"አፋፉን በገዛ አፌ የሰጠሁት እኔ ነኛ።"

"ታዲያ ምን ትሆናለህ?"

"እስከ ሰባተኛው ቀን ከዚህ አልነሣም።"

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ቅንጥሷ ጆሮ ከሳሩ ብቅ አለች። ቀበሮዋ ከስታለች። አቶ ቢያድግልኝን እንደ ድንጋይ አልፋው አንዲት አይጥ ያዘችና ጎሬዋ ገባች።

ግራዝማች ተጠርተው መጡ። ቀበሮዋ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ይህች ሌላ ናት፣ ቀበሮ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ወደ አሽከራቸው ዞሩ።

"ደምሰው፣ አንተ የተሸከምካት ይህች አይደለችም፤ አይደለም እንዴ?"

ደምሰው ጌታውን አየ፣ ቅንጥሷን ጆሮ አየ፣ በጨርቅ የታሰረ ጣቱን አየ። መንገዱ እስከ ዛሬ አፋፉን ዞሮ የሚያልፈው እሱ ያን ለት በመለሰው መልስ ነው፦ "ጌታዬ፣ ሹም መሬት ቢለውጥ፣ ቀበሮ ጎሬዋን አትለውጥ።"