ሰባተኛዋን ኮከብ የጠበቁ እንስሳት

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ድንጋዩን ብቻ አስቀርቶ በደረቀበት ዓመት፣ በአንድ ቆላ የሚኖሩ እንስሳት ውሃ አጠገባቸው እያለ በውሃ ጥም አለቁ። እርግጥ ሁሉም አላለቁም። እኔ ግን ያለቁትን ሳስብ የተረፈ ያለ አይመስለኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ስሙኝ።

በዚያ ቆላ፣ ከአንድ ትልቅ አለት ሥር፣ ጥላ የማይለየው ኩሬ ነበር። ወንዙ ሲደርቅ የክፉ ቀን መጠጣቸው እሱ ነው። ኩሬው በአንበሳ ትእዛዝ ይጠበቃል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚናገረው ግን አባ ንስር የሚባል ሽማግሌ ነበር። አባ ንስር ሰማይ ያውቃል። «እነዚያ ተጠጋግተው የምታዩዋቸው ሰባቱ ከዋክብት እህትማማች ናቸው» ይል ነበር። «በጋው ሊያልቅ ሲል እንስራቸውን አዝለው ውሃ ሊቀዱ ከምድር በታች ይወርዳሉ። አርባ ቀን አይታዩም። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በምሥራቅ ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ ሰባቱን ቆጥራችሁ ኩሬውን ክፈቱ፤ ዝናቡ ከኋላቸው ነው። ቀድማችሁ ከጠጣችሁት ግን ያልቅባችኋል፣ ዝናቡም ሳይደርስላችሁ ትቀራላችሁ።»

ምክሩ ደግ ነበር፤ ስንት ክፉ ዓመት አሻግሯቸዋል። አባ ንስር ከአለቱ ጫፍ ሆኖ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ቆጥሮ «ሰባት!» ሲል፣ እንስሳቱ እየዘለሉ ወደ ኩሬው ይጎርፋሉ። ወደ ሰማይ ቀና የሚል አለ ለማለት ይቸግራል። የሁሉም ዓይን አባ ንስር አፍ ላይ ነው።

በመጨረሻ፣ በአንድ ክረምት፣ አባ ንስር ሞተ። ያን ዓይኑንም ይዞት ሄደ።

በተከታዩ ዓመት ወንዙ ከወትሮው ቀድሞ ደረቀ። ቆጣሪ ያስፈልጋል ተባለ። አንበሳ አርጅቷል፤ ከዋክብቱ ለእሱ መሬት ላይ የተደፋ ዱቄት ነው የሚመስሉት። ግን ንጉሥ ሆኖ ዓይኔ ደከመ ይላል እንዴ? ቀበሮን ጠራና «አንቺ ቁጠሪ» አላት።

ከዋክብቱ በተመለሱበት ጎህ ቀበሮ አለቱ ላይ ወጣች። እንስሳቱ ከታች አንገታቸውን አስግገው አፍ አፏን ያያሉ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት…» አለችና ቆጠራዋን አቆመች።

«ቀጥይ እንጂ!» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ ስድስት ናቸው።»

ቀበሮን ባማት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያን ቀን አልዋሸችም። ስድስቱን ማንም ያያል። ሰባተኛዋ በጣም ደካማ ናት፤ የንስርን ያህል ዓይን ላልተሰጠው ፍጡር አትታይም። አባ ንስር እሱ የሚያየውን ሁሉም የሚያይ መስሎት ሳይነግራቸው ሄደ።

አያ ጅቦ ከኋላ ሆኖ ጮኸ። «አምናም እኮ ስድስት ነበሩ!»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። «አያ ጅቦ፣ አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቆጠራ የጀመርከው?» አለች ቀበሮ።

«አምና አባ ንስር ሲቆጥር እኔ ወደ ላይ አይ ነበር። ስድስት የጮማ ቁራጭ መስለውኝ ምራቄን ስውጥ ነበር። በጮማ ጉዳይ እኔ አልሳሳትም!»

ሳቁበት። ጉሮሯቸው ደርቆ እንኳ ሳቁበት። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ የሚያድናቸው እውነት እሱ ብቻ ነበር፤ የተናገረው ጅብ ስለሆነ ግን ማን ሊሰማው። ቀና ብሎ ራሱ ልቁጠር ያለም አልተገኘም።

«ንስር ሰባት ብሏል» አለ አንበሳ። «ስድስት ሰባት አይደለም። ይጠበቅ። እስከዚያ ኩሬውን ቀበሮና ጅብ ይጠብቁ። ወደ ውሃው የተጠጋ በእኔ ጥፍር ይሞታል።»

ቀበሮ ይሄኔ ነው የነቃችው። ኩሬው እስካልተከፈተ ድረስ ጠባቂዋ እሷ ናት! ወዲያው ድምፅዋን አለስልሳ «አይዟችሁ» አለች። «ታናሺቱ እህት እንስራዋ ከብዷት ወደ ኋላ ቀርታ ነው። ነገ ትደርሳለች።»

ከታች ከቆሙት መካከል እመት አህዪት ነበረች፣ ትርንጎ ከምትባል ውርንጭላዋ ጋር። ትርንጎ ገና ጡት አልተወችም። የእናቷ ጡት ግን ከደረቀ ሦስት ቀን ሆኖታል።

«እማዬ፣ ውሃው ይሸተኛል» አለች ትርንጎ።

«ነገ፣ ልጄ። ሰባተኛዋ ነገ ትወጣለች።»

በማግሥቱም ስድስት። በሦስተኛውም ስድስት። በአምስተኛው ቀን የትርንጎ ጉልበት ከዳት፤ ለመቆም ስትሞክር እግሮቿ ይተሳሰሩባታል። አህዪት አላስቻላትም። አንበሳ ፊት ሄዳ ተንበረከከች።

«ጌታዬ፣ ለእኔ አልልም። ለልጄ አንድ ጉንጭ ብቻ። ከንፈሯን ላርጥብላት።»

አንበሳ ዓይኑን መለሰ። የእሱ ጥም በአደን ደም ይቆረጣል፤ ቢሆንም እሺ ሊላት አፉን ከፈተ መሰለኝ። ቀበሮ ቀደመችው።

«እመት አህዪት፣ እኔስ እናት አይደለሁም? ግን ለአንቺ አንድ ጉንጭ ከተሰጠሽ፣ ነገ ዝሆን ጉንጬን ስጡኝ ብሎ ይመጣል። የዝሆንን ጉንጭ ታውቂዋለሽ አይደል?»

«እውነቷን ነው» አለ አንበሳ። «ሕግ ነው።»

አህዪት ስትነሳ የቀበሮን አፍንጫ አየች። ርጥብ ነበር፤ አገጯ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል። «ጤዛ ነክቷት ይሆናል» ብላ አለፈች። ጤዛ ከጠፋ ስንት ወሩ! ምን ልበላችሁ፣ አህያ ናት፤ ክፉ መጠርጠር አልተፈጠረባትም።

ወደ ልጇ ተመልሳ ከንፈሯን ላሰችላት። ምላሷም ደረቅ ነበር።

በዘጠነኛው ጎህ ቀበሮ እንደ ልማዷ አለቱ ላይ ወጣች። ከመቁጠሯ በፊት ከታች የአህዪት ድምፅ ተሰማ። ጩኸት እንዳይባል ወጣ ገባ የለውም፤ ረጅም፣ የተሰነጠቀ፣ አንጀት የሚበጥስ ነው። ትርንጎ ሞታለች። ያለችበት ቦታ ከኩሬው አሥር እርምጃ አይሞላም። አፍንጫዋ ወደ ውሃው ነበር።

እንስሳቱ ተንጋግተው መጡ። ድኩላው ያያል፣ ከርከሮው ያያል፣ ዝንጀሮዋ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ታያለች። ማጉረምረም ተጀመረ። «ነገ ደግሞ የእኔ ልጅ ናት» አለች ዝንጀሮዋ ጮክ ብላ። ሌላው ቀንዱን ማወዛወዝ ጀመረ። አንበሳ ደንግጦ ቀበሮ ላይ አፈጠጠ፤ ዓይኑ «አንቺው ያመጣሽውን አንቺው መልሺው» ይላል።

ቀበሮ ቀና ብላ ጮኸች፤

«ሰባት! ሰባት ሆኑ! እዩ፣ ሰባተኛዋ ወጣች! ትርንጎ ናት! ያን እንስራ የምታዝል ጠፍታ ነበር፣ ሰማይ ትርንጎን መረጣት! አታልቅሺ እመት አህዪት፣ ልጅሽ ኮከብ ሆነች!»

«ሰባት!» አለ አንበሳ፣ ምንም ሳያይ። «ኩሬው ይከፈት!»

«ሰባት! ሰባት!» እያሉ ሮጡ። ያለቀሱት ዕንባቸው ሳይደርቅ ሮጡ። ዝንጀሮዋም ሮጠች፤ ልጅ አላትና አልፈርድባትም። ውሃው ሲንቦጫረቅ፣ ሲጠጡ፣ ሲያመሰግኑ ይሰማል። «የትርንጎ ኮከብ! ተባረኪ ትርንጎ!» ይላሉ። እስኪጠግቡ ድረስ ስሟን ጠሩ።

አህዪት አልሄደችም። ከልጇ በላይ እግሯን አንፈራጥጣ ቆማለች። አያ ጅቦ ቀስ ብሎ መጥቶ ከጎኗ ቁጢጥ አለ።

«እመት አህዪት፣ ሂጂ ጠጪ እንጂ። እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

አህዪት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ወደ ሰማይ አቀናች። ጎሁ ሊወግግ ነው፣ ከዋክብቱ እየደበዘዙ ነው፣ ግን አሁንም ይታያሉ። በቀስታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

«አያ ጅቦ» አለች።

«አቤት።»

«ስንት ናቸው?»

ጅብ ቀና ብሎ አየ። ምራቁን ዋጠ። «ስድስት። እንደ አምናው። ነግሬያችሁ ነበር እኮ።»

«ነግረኸን ነበር» አለች አህዪት። አምና ቀና ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ከዘጠኙ ቀን በአንዱ ቀና ብላ ቢሆን ኖሮ! ጮኻ ልትናገር አፏን ከፈተች። ጉሮሮዋ ደርቆ ድምፅ እንቢ አለ። ኩሬው ዘንድ ያሉትም እየጠጡ ነበርና የሚሰማት አልነበረም።

ፀሐይ ወጣች። አህዪት እንደቆመች ነው፣ ጅብም እንደተቀመጠ ነው። ውሃው አሥር እርምጃ ይርቃል። ከሄደች ልጇን ይበላታል፣ ካልሄደች ደግሞ እስከ ማታ አትደርስም፤ ጅብም ይህን ያውቃል፣ ለዚህ ለዚህ እንኳ ሒሳብ አይጠፋበትም። ዝናቡ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ መጣ። ዘንቦ ወንዙን ሞላው፤ አህዪት ግን አላየችውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ቀና ብሎ ማየት ሳይከብደው በሌላው አፍ ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ እውነቱን በገዛ ዓይኑ በሚያይበት ቀን ከሚያቃጥል ጸጸት በቀር የሚያተርፈው ነገር እንደሌለ ነው።