ፊርማ ያጣ ስጦታ

አንድ ሰው ነበረ፤ መስጠት የሚወድ። ወገኖቼ፣ ቸር ሰው ነበረ አላልኩም። መስጠት የሚወድ ነው ያልኩት። ልዩነቱን እየሄድን እናየዋለን።

ይህ ሰው ዱባይ ይኖራል። የካርጎ ሱቅ አለው፤ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን፣ ብርድ ልብስ እየጠቀለለ ወደ አገር ቤት ይልካል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠቀልል ኖሯል። እጁም አልሰሰተም። የትውልድ ቀዬው ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት የእሱ ስጦታ ነው። በምን አወቅን? ተጽፎበታላ! «ከአቶ ወንድይፍራውና ከቤተሰባቸው የተበረከተ።» ጽሑፉ ከቁጥሮቹ ስለሚበልጥ፣ ቄሱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ሞባይላቸውን ያወጣሉ።

ለአክስቱ ልጅ የሙሽራ ሱፍ ገዛለት። ሰርጉ ላይም ተገኘ። ሙሽራው ሊቀመጥ ባለ ቁጥር ከመሃል ዳስ ብድግ እያለ «ቀስ! ቀስ! እንዳይጨማደድ!» ይል ነበር። ደብረ ማርቆስ ላለችው እህቱ ደግሞ ፍሪጅ ላከላት። ከዚያ ወዲህ ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር፣ እህቱን ከመሳሙ በፊት ፍሪጁን ይከፍታል።

ሳቁ፣ ሳቁ። ተራችሁ ይደርሳል።

እህቱ አንዲት ልጅ አለቻት፤ ረድኤት ትባላለች። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ ነርስ ናት፤ ባሏ አውቶቡስ ይነዳል። ሰባት ዓመት ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ሲዞሩ ኖረው፣ ሁለተኛ ልጇን በሆዷ ይዛ ሳለ፣ የሚገዛ ቤት አገኙ። ጠባብ ነው፤ ደረጃውን ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይወጣውም። ለእነሱ ግን ቤተ መንግሥት ነው። ባንኩ ሊያበድራቸው ፈቀደ፤ ቅድሚያ ክፍያው ግን ጎደላቸው። ወደ አጎቷ ደወለች።

ገና ነገሩን ሳትጨርስ፣ «እኔ እያለሁ?» አለ ጋሼ ወንድይፍራው። በዚያው ሳምንት ባንክ ሄዶ የጎደለውን በሙሉ አስተላለፈላት።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያ ቤት የማን ሆነ? ሱቁ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ «እንግሊዝ አገር ቤት ያዝኩ እኮ» ይላል። ለረድኤት በዋትሳፕ ትእዛዙን ያዘንባል። «ግድግዳው ክሬም ቀለም ይሁን።» «ፎቅ ላይ ያለው፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ የሚያየው ክፍል ለኔ።» «ሳሎን ፎቶዬ የሚሰቀልበትን ሚስማር ከወዲሁ ምቱ።» እሷም ለእያንዳንዱ «እሺ ጋሼ» ትላለች። ምን ትበል?

እንግዲህ አንድ ወረቀት መጣ። እዚያ አገር ዘመድ ለቤት መግዣ ሲረዳ፣ የገዢው ጠበቃ ለረጂው የስጦታ ደብዳቤ ልኮ ያስፈርመዋል። ካልፈረመ ባንኩ ያንን ገንዘብ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ደብዳቤው ሦስት መስመር ብቻ ነው። እንግሊዝኛውን የምትተረጉምለት ሚስቱ ጥሩወርቅ ናት፤ መነጽሯን አድርጋ ጀመረች።

«ይህ ገንዘብ ብድር ሳይሆን ስጦታ ነው።»

«እንዴታ!»

«ገንዘቡ እንዲመለስልኝ መቼም አልጠይቅም።»

«ጠይቄ አውቃለሁ? ቀጥይ!»

«በቤቱ ላይ፣ ዛሬም ሆነ ወደፊት፣ ምንም ዓይነት መብት የለኝም።»

ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ። «እስቲ ድገሚው።»

«ምንም ዓይነት መብት የለኝም።»

«ትንሽም?»

«‹ምንም› ነው የሚለው፣ አንተ ሰውዬ! ትንሽ የሚል አላየሁበትም።»

«ይሄ ጠበቃ ምን በድዬው ነው?» አለና እስክሪብቶ አንስቶ ከሥር በገዛ እጁ ጨመረበት። «ይሁን እንጂ በሐምሌ ስመጣ ፎቅ ያለው ክፍል ለእኔ እንዲለቀቅ፣ የግድግዳውም ቀለም በእኔ ምርጫ እንዲሆን።» ፈርሞ ላከ።

ጠበቃው አዲስ ወረቀት አያይዞ በትሕትና መለሰለት። «ጌታዬ፣ ይህ ከሆነ ስጦታ አይደለም። ሦስቱ መስመሮች ብቻ ያሉበት፣ የተፈረመ ወረቀት እስከ ዓርብ ካልደረሰን ሻጩ ለሌላ ይሸጣል።»

ሰኞ አልፈረመም። ማክሰኞም አልፈረመም። ልብ በሉ፣ ወገኖቼ! ገንዘቡ ሄዷል። ከእጁ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ እሷ ዘንድ ደርሷል። ታዲያ ያልሄደው ምንድን ነው? ምኑ ነው ዱባይ የቀረው?

ረቡዕ ዕለት ረድኤት ደወለች። ልትለምነኝ ነው ብሎ ድምፁን አከበደ።

«ጋሼ፣ ገንዘቡን መልሼ ልልክልዎት ነው።»

«ምን? ቤቱስ?»

«ይቅር። እንደ ልማዳችን ተከራይተን እንኖራለን።»

«ምን አድርጌሽ ነው፣ ረዲ?»

«አይቆጡኝ ጋሼ። እማዬ እርስዎ ሊመጡ ነው በተባለ ቁጥር ፍሪጁን ባዶ ታደርገው ነበር። ታጥበዋለች፣ ትወለውለዋለች። እርስዎ እስኪሄዱ ድረስ ሥጋውንም ወተቱንም ጎረቤት ነበር የምናስቀምጠው። ፍሪጅ የነበረን እርስዎ በሌሉ ጊዜ ብቻ ነው። ልጆቼ ደግሞ ቤት የሚኖራቸው እርስዎ በሌሉ ጊዜ ብቻ እንዲሆን አልፈልግም።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ ወንድይፍራው ሊላክ የተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ቁጭ አለ። ጥሩወርቅ ምሳውን ይዛ ስትገባ አንገቱን እንደደፋ አገኘችው።

«እህቴ እኔን ፈርታ ፍሪጁን ባዶ ታደርገው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«ምን ብዬ? ያን የሰጠኸኝን የአንገት ሀብል እኔስ መች ወድጄ ነው የማደርገው? አድርገሽ ካላየሁ እያልክ ነው። ያሳክከኛል እኮ!»

አያት። አንገቷን አየው፤ ቀልቷል። ስንት ዓመት ሀብሉን ሲያይ አንገቷን አላየም።

«አምጪ ወረቀቱን» አለ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጥርሱን ሊያስነቅል እንደተቀመጠ ሰው። ከዚያ ፈረመ። ከዚያስ? ሳቅ መጣበት። ከሆዱ የሚመጣ ሳቅ፣ ሱቁን የሚያናጋ ሳቅ።

«ጥሩወርቅ! ምንም የለኝም እኮ!»

«የት?»

«ሊድስ! ጣሪያው ቢያፈስ አያገባኝም! ግድግዳውን ጥቁር ቢቀቡት አያገባኝም! አንቺም አውልቂው ያንን ነገር፤ ያንቺ ነው፣ ከፈለግሽ ሽጪው!»

«እሸጠዋለሁ። ነገ።»

«ነገ?»

«ምንም ዓይነት መብት የለህም» አለችው። ሁለቱም ፍራሹ ላይ ተደፍተው ሳቁ። ወረቀቱም ሐሙስ ደረሰ፤ ረድኤት ቤቷን ገዛች።

ሐምሌ ላይ ሄደ። ረድኤት በሩን ከፍታ፣ እንደ ወጋችን፣ «ይግቡ ጋሼ፣ ቤትዎ ነው» አለችው።

«አይደለም!» አለ እየሳቀ፤ «ፈርሜያለሁ! የት ነው ጫማ የሚወለቀው?»

ገባ። ግድግዳው የቀይ ሽንኩርት ቀለም ተቀብቷል። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል የሕፃኗ ሆኗል፤ ለእሱ የተነጠፈለት ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው። ወጥ ቤት ሲገባ ደግሞ የትናንት ሳህን ሳይታጠብ ተከምሯል። ለእሱ መምጣት ያልታጠበ ሳህን! ማንም አልፈራውም፤ ማንም አልደበቀበትም። ጋሼ ወንድይፍራው በዕድሜው እንዲህ ያለ ክብር አግኝቶ አያውቅም። እጅጌውን ሰብስቦ አጠበው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ተራችሁ ይደርሳል ብዬ አልነበር?

ታናሽ ወንድማችሁን አስተማራችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ታዲያ ሚስቱን የምትመርጡለት እናንተ ናችሁ? ለተቸገረችው ጎረቤታችሁ ብርድ ልብስ ሰጣችኋት። ታዲያ ምነው ቤቷ በገባችሁ ቁጥር ዓይናችሁ አልጋ አልጋውን ያያል? የሰጣችሁት ነገር እሷ ቤት ነው፤ ልባችሁ ግን ዘበኛ ሆኖ ደጇ ላይ ቆሟል። ዘበኛ ደግሞ ይበርደዋል፣ ወገኖቼ። እንቅልፍም የለውም።

እስቲ ዛሬ ጠዋት የወጣችላችሁን ፀሐይ አስቡ። ጌታ በየቤቱ እያንኳኳ፣ «በሰጠሁህ ብርሃን ምን ስትሠራ ዋልክ?» ሲል ሰምታችኋል? ስሜን ጥሩልኝ ብሎ ጽፎባታል? የማያመሰግነውም ሰው ልብሱን ያሰጣባታል፤ የእሱም ልብስ ይደርቃል!

ከመካከላችን ደግሞ ተቀብለን የምንፈራ አለን። እግዚአብሔር ሊጎበኘን ነው ሲባል ሕይወታችንን ጠርገን፣ ባዶ አድርገን፣ ሳቃችንንና ጥፋታችንን ጎረቤት ደብቀን የምንጠብቅ። ለምን? ሊቆጣጠር የሚመጣ መሰለን? እሱ የሰጠንን ስንበላበት፣ ስንኖርበት፣ ስንስቅበት ማየት እኮ ነው ደስታው። ያልታጠበ ሳህናችሁን አይጸየፍም። ግቡ፣ ኑሩበት!

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሥራ አለባችሁ። አንድ ነገር የሰጣችሁትን፣ ግን ያልለቀቃችሁለትን ሰው አስቡ። አሁን ትዝ ያላችሁ እሱ ነው፤ ሌላ አትፈልጉ። ደውሉለት። «ያ ነገር ያንተ ነው፤ ብትሸጠውም ብትጥለውም ያንተ ነው» በሉት። ይደነግጣል። «ምነው፣ ታመምክ እንዴ?» ይላችኋል።

«አዎ፣ ቆይቶብኝ ነበር፤ ዛሬ ተሻለኝ» በሉት።