በጅማት የተሰፋው መጽሐፍ

ወሬ አላበዛም። የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ግን ሰንሰለት ነው፣ አንዱ አንዱን ይጎትታል።

ልጄ ትርንጎ ዓይኗ አያይም። እናቷ ውድነሽ ስለ አንድ ነጋዴ የተጻፈ መጽሐፍ ታነብላት ነበር። ነጋዴው ከቤቱ ርቆ ሄዷል። መጽሐፉ ግማሹ ላይ ሳሉ ውድነሽ ሞተች። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከሁለተኛ ክፍል ነው፤ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ይመሻል። ትርንጎ «አባ፣ ነጋዴው ቤቱ ይገባል? ይኼን ብቻ ልስማ» አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

ከተማ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ የሚያዘጋጁ አሉ። መጽሐፉን ወሰድኩ። መሣሪያቸው ገጹን ፎቶ አንስቶ ፊደሉን ይለቅማል፤ ስልክ ደግሞ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ስልኩ «ነጋዴው ተራራውን ሲ... ውኃው በ...» አለና ቆመ።

«አንብብ» አልኩት።

«አላነብም። ጽሑፉ ይታረም።»

ወደ እትዬ ፀዳለ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ፎቶውንና ጽሑፉን መስመር በመስመር እያስተያዩ በነፃ ያርማሉ።

«ስልኩ አያነብም፤ ትርንጎ አትሰማም። ይረሙልኝ» አልኩ።

«አላርምም። የየመስመሩ ጫፍ ፎቶው ላይ የለም።»

«የመሰለዎትን ይጻፉበት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ! የሚያይ ሰው ቢጠራጠር ገልጦ ያጣራል። ልጅህ በምን ታጣራለች? እኔ የጻፍኩትን ነው የምታምነው። ገምቼ አልጽፍም!»

ወደ መሣሪያው ሄድኩ። «እትዬ ፀዳለ አያርሙም፤ ስልኩ አያነብም፤ ትርንጎ አትሰማም። ደህና አድርገህ አንሳ።»

«አላነሳም። መጽሐፉ አልዘረጋ ብሏል።»

ወደ መጽሐፉ ዞርኩ። «መሣሪያው አያነሳም፤ እትዬ ፀዳለ አያርሙም፤ ስልኩ አያነብም፤ ትርንጎ አትሰማም። ተዘርጋ።»

«አልዘረጋም። የሰፉኝ ይፍቱኝ።»

እውነቱን ነው። መጽሐፉ ሲገነጣጠልባት፣ ውድነሽ ለመሪጌታ ውብአንተ ሰጥታ እንደ ዳዊት በቆዳ አስደጉሳው ነበር። እሳቸውም በጅማት ጥርቅም አድርገው ሰፍተውታል። የመስመሩን ጫፍ ስፌቱ ውጦታል።

ወደ መሪጌታ ወጣሁ። «መጽሐፉ አይዘረጋም፤ መሣሪያው አያነሳም፤ እትዬ ፀዳለ አያርሙም፤ ስልኩ አያነብም፤ ትርንጎ አትሰማም። ይፍቱት።»

«አልፈታም። መልሼ የምሰፋበት ጅማት የለኝም። የሙት ዕቃ በትኜ አልሰጥህም።»

«ናይለን ልግዛ?»

«ናይለኑን ለማዳበሪያ ከረጢትህ!»

«ከሉካንዳስ?»

«ሉካንዳ የሚታረደው ወይፈን ነው፤ ጅማቱ ይበጠሳል። ሲያርስ ያረጀ በሬ ፈልግ።»

በቀያችን ሲያርስ ያረጀ በሬ አንድ ነው። ቦራ። የኔ። ከጥጃነቱ ውድነሽ ያሳደገችው።

ወደ በረቱ ገባሁ። «መሪጌታ አይፈቱም፤ መጽሐፉ አይዘረጋም፤ መሣሪያው አያነሳም፤ እትዬ ፀዳለ አያርሙም፤ ስልኩ አያነብም፤ ትርንጎ አትሰማም። ጅማትህን ስጠኝ።»

ቦራ አመነዠከ። «እኔ መች እምቢ አልኩ? ጌታዬ አይለቀኝም» አለ።

ጌታው እኔ ነኝ። አልለቅም አልኩ። ቦራ ቢሄድ አንድ በሬ ይቀረኛል። አንድ በሬ አያርስም።

ስለዚህ እኔ አልለቅም፤ ቦራ አይሰጥም፤ መሪጌታ አይፈቱም፤ መጽሐፉ አይዘረጋም፤ መሣሪያው አያነሳም፤ እትዬ ፀዳለ አያርሙም፤ ስልኩ አያነብም፤ ትርንጎ አትሰማም።

«አባ፣ ምን አሉህ?»

«አይሆንም አሉ።»

«እሺ» አለች። ስልኩን በእናቷ ነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ነጋዴው አላነሳችም። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ለፋሲካ ጎረቤቶቼ ቅርጫ ሲመክሩ «ቦራን ውሰዱ» አልኩ። ሥጋው ሲከፋፈል ጅማቱን ብቻ አነሳሁ።

«አንተ ተገኘ፣ ጥርስህ ብረት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

እኔ ለቀቅሁ፤ ቦራ ሰጠ፤ መሪጌታ ፈቱ፤ መጽሐፉ ተዘረጋ፤ መሣሪያው አነሳ፤ እትዬ ፀዳለ አረሙ፤ ስልኩ አነበበ፤ ትርንጎ ሰማች። መሪጌታም መጽሐፉን መልሰው ሰፉት፤ ላላ አድርገው።

ትርንጎ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጣቷን በስፌቱ ላይ እያስኬደች አዳመጠች። ነጋዴው ቤቱ ገባ።

«አባ፣ ከፋሲካ ወዲህ የቦራ ድምፅ የለም። የት ሄደ?»

«እጅሽ ላይ ነው» አልኳት።

ጣቷ ቆመ። ስልኩ ማንበቡን አላቆመም።

ሰንሰለቱ ይኸው ነው። ተረቴን መልሱ አልልም፤ የሄደ አይመለስም።