የቅጠል በሉ ንጉሥ አልፎ አልፎ

በሁለት ወንዞች መካከል ባለው ጫካ ሕግና ሥርዓት ነበረ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሚከተለው ሁሉ የሆነው ሥርዓት በሌለበት አገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እንዳይኖር ነው። ውሃ የሚጠጣው በተራ ነው፤ ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች። ሸንጎ የሚቀመጠው ከትልቁ ዋርካ ሥር ነው። ንጉሡ አንበሳ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ንጉሡ ሥጋ አይበሉም።

አንበሳ ሥጋ የማይበላበት አገር የተገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት ዝናብ በቀረ ጊዜ ንጉሡ ያለ ልክ በሉ፤ ከእርሳቸው የተረፈው እንስሳም ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። አንድ ጠዋት ንጉሡ ቢያገሡ የሚደነግጥላቸው ጠፋ። ንግሥና ያለ ተገዢ ባዶ ሜዳ ላይ መቆም ብቻ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባቸው። ስለዚህ ወንዙ ዳር ቆመው ማዶ ላሉት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጥርሴ ሥጋ ቢነካ ይርገፍ፤ የምበላው ቅጠልና ፍሬ ብቻ ነው» ብለው ማሉ። የማዶው ሣር ጎምዛዛ ነበርና እንስሳቱ ለማመን ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ተመለሱ።

እውነቱን ለመናገር ንጉሡ ለብዙ ጊዜ መሐላቸውን ጠበቁ። ሾላ በሉ፣ አጋም በሉ፣ ሥራ ሥር ቆፍረው በሉ። ጥጃ በአጠገባቸው ሲያልፍ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፤ ተገዢዎቻቸውም ይህን እንደ ትሕትና ቆጠሩላቸው። ስማቸውም «ቅጠል በሉ» ተባለ። ሸንጎ በተከፈተ ቁጥር አፈ ንጉሡ ቀበሮ ጉቶ ላይ ይወጣና፣ «ንጉሣችን ምን ይበላሉ?» ሲል ይጠይቃል። ሁሉም ባንድ ድምፅ «ቅጠል!» ይላል። ቀበሮው ራሱ ምን እንደሚበላ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በዚህ ጫካ አንዲት ሚዳቋ ትኖር ነበር። ከወለደቻቸው ልጆች የቀረቻት አንዲት ብቻ ናት፤ በእንጉዳይ ወራት ስለ ተወለደች ስሟን እንጉዳይ አለቻት። እንጉዳይ ገና ጡት ሳትጥል የፊት እግሯ የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ። አጥንቱም ሲገጥም ወደ ላይ ታጥፎ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ የምትሄደው በሦስት እግሯ እየነጠረች ነው፤ አራተኛው ሁልጊዜ ደረቷ ሥር እንደ ተንጠለጠለ ነው። መሮጥ አትችልም። መሮጥ የማትችል ሚዳቋ ምን እንደሚቀራት እናቷ ታውቅ ነበር። የቀራት የንጉሡ መሐላ ነው።

የሾላው ፍሬ ባነሰበት ወራት ንጉሡን ሳል ያዛቸው። የጫካው ሐኪም ጦጢት ተጠራች። ምላሳቸውን አየች፣ ሆዳቸውን ዳሰሰች፣ ጎፈራቸውን ጎተት አድርጋ ለቀቀች።

«ጌታዬ፣ ጤነኛ ነዎት» አለች። «ያሳለዎት አቧራ ነው። ሾላው ሲያንስ የዱር አተር ይጨምሩበት፤ ማርም ይላሱ።»

«ሆዴ ይጮሃል» አሉ ንጉሡ።

«ሆድ ልማዱ ነው ጌታዬ። የእኔም ይጮሃል።»

ቀበሮው ከጎን ሆኖ ሳቀ። «እመት ጦጢት፣ የአንቺ ሆድና የንጉሥ ሆድ ባንድ አፍ ይጠራሉ?»

ጦጢት ተሰናብታ ሄደች። በዚያው ቀን ቀበሮው በየመንገዱ አዋጅ አስነገረ። ለሸንጎ የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነበር፦ ቅጠል በል የሆነ ንጉሥ ለጤናው ሲል አልፎ አልፎ ጥቂት ሥጋ ቢቀምስ፣ ቅጠል በልነቱ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም?

ሚዳቋ አዋጁን እንደ ሰማች ወደ ጎሽ ሄደች። በጫካው ውስጥ ንጉሡ እንኳ መንገድ የሚለቁለት ጎሽ ብቻ ነበር። ጭቃው ውስጥ ተጋድሞ አገኘችው።

«አያ ጎሽ፣ ነገ ሸንጎ ላይ አንድ ቃል ተናገርልኝ።»

«ምን ልበል?»

«አይሆንም በል።»

ጎሽ ቀና አለ። «ይህንንስ ሳትነግሪኝም እለዋለሁ! መሐላ መሐላ ነው። አንዲት ጉርሻ እንኳ ብትሆን!»

«እንደሱ አይደለም አያ። ስለ መሐላው አይደለም የምትናገርልኝ፤ ስለሚበላው ነው። ስለ ልጄ።»

«ያው አይደለም እንዴ?»

«ያው አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ። ይህ ቀንድ ለመቼ ነው?» አለና ተመልሶ ተጋደመ።

በማግስቱ ሸንጎው ሞላ። ንጉሡ ከዋርካው ሥር ተጋድመዋል፤ ሳሉ ትቷቸዋል። ሚዳቋ ልጇን ከኋላዋ አቁማ ከዳር ቆመች። «ንጉሣችን ምን ይበላሉ?» ተባለ፤ «ቅጠል!» ተባለ። ከዚያ ቀበሮው ሐኪሟን ወደ ፊት ጠራት።

«እመት ጦጢት፣ ንጉሡ ጤነኛ ናቸው?»

«ጤነኛ ናቸው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጤናቸው እንዲቀጥል ትፈልጊያለሽ?»

«እንዴታ!»

«ጥቂት ሥጋ ቢቀምሱ እርሳቸውን ይጎዳቸዋል?»

ጦጢት ራሷን አከከች። «እርሳቸውንማ... እርሳቸውን አይጎዳም።»

«ሐኪሟ አይጎዳም ብላለች» አለ ቀበሮው ወደ ጉባኤው ዞሮ። «የቀረው የስም ጉዳይ ነው። እስቲ እናስብ። በበጋ አልፎ አልፎ ዝናብ ጣል ቢያደርግ በጋው ክረምት ይባላል? አያ ከርከሮ አልፎ አልፎ ይታጠባል፤ ንጹሕ ነው ያለው አለ?»

«ኧረ በእኔ አትምጣ!» አለ ከርከሮ ከመሐል። ሸንጎው ሳቀ። ንጉሡም ፈገግ አሉ፤ ጥርሳቸው ሁሉ በቦታው ነበረ።

ጎሽ ተነሣ። ምድሩን በሰኮናው ጫረና፣ «አይሆንም!» አለ። ዋርካው ላይ የነበሩ ወፎች ተነሡ። «አንዲት ጉርሻ ሥጋ የቀመሰ ቅጠል በል አይደለም፤ ሥጋ በል ነው። በሁለቱ መካከል ስም የለም!»

ብዙዎች «እውነት ነው! እውነት ነው!» አሉ። ጎሽ ያን ያህል ተጨብጭቦለት አያውቅም። ሚዳቋ ግን ጆሮዋን ጣለች፤ ስለሚበላው አንድም ቃል አልተናገረም።

ቀበሮው ጩኸቱ እስኪበርድ ድረስ በትዕግሥት ጠበቀ። «አያ ጎሽ የተናገረው እውነት ነው» አለ። «እንግዲያው በእርሱ ቃል እንሂድ። ንጉሣችን ባለፈው ሰሞን፣ መቼም የሚሆን ነገር ነው፣ አንዲት ድርጭት ቀምሰዋል። በአያ ጎሽ ፍርድ እንግዲህ ሥጋ በል ሆነዋል፤ መሐላው የለም ማለት ነው። ሥጋ በል የሆነ አንበሳ ደግሞ የሚበላው አልፎ አልፎ አይደለም፤ በየቀኑ ነው። በእኔ በደካማው አስተያየት ግን ቅጠል በል ናቸው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይቀምሳሉ። እኔ አላስገድድም። ሸንጎው ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ።»

በሸንጎው ላይ የተሰማው የጅራት ድምፅ ብቻ ነበር፤ ዝንብ የሚያባርር ጅራት። ጎሽ፣ «እኔ እንኳ ለማለት የፈለግሁት...» ብሎ ጀመረና ቁጭ አለ።

ያን ጊዜ ሚዳቋ ተናገረች። ድምፅዋ ቀጭን ስለ ነበር የፊተኞቹ ዞረው አዩዋት።

«ጌታው፣ አልፎ አልፎ የሚባለው ለበላተኛው ነው። ድርጭቷ አልፎ አልፎ አልሞተችም። ሁላችሁም ስለ ንጉሡ ስም ትነጋገራላችሁ፤ ሥጋው የማን እንደ ሆነ የጠየቀ የለም። እርሳቸው ይቀምሳሉ፤ እኛ ግን እንበላለን!»

«እንበላለን» ያለችው አጥብቃ ነበር። ቀበሮው ቃሉን አላልቶ መለሰላት።

«ብዪ እመት ሚዳቋ! ማን ከለከለሽ? ሣሩ ሞልቷል።»

ሸንጎው ከቅድሙ የበለጠ ሳቀ። ከሳቁት መካከል አንዳንዶቹ ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ ቢሆንም ሳቁ። በዚያ ጫካ የፈራ ሁሉ ቀድሞ ይስቅ ነበር።

«እንግዲህ» አለ ቀበሮው፣ «ንጉሡ አልፎ አልፎ እንዲቀምሱ መፍቀዱን የሚቃወም ካለ አንድ እግሩን ያንሳ።»

ሚዳቋ ዙሪያዋን አየች። ጎሽ መሬት መሬት ይመለከታል። ጦጢት እጆቿን ከኋላዋ አድርጋለች። ብቻዋን ብታነሳ ነገ ልጇን ከንጉሡ ጥርስ የሚያስጥላት ማን ነው? የሸንጎውን ሐሳብ ከደገፈች ግን ምናልባት በእርሷ ልጅ ፈንታ የሌላውን ልጅ ይመርጡ ይሆናል። ይህን አሰበች፤ ባሰበችውም አፈረች፤ አራቱንም እግሮቿን መሬት ላይ ተከለች።

«አንድ ተቃዋሚ አለ» አለ ቀበሮው።

ሁሉም ወደ እርሷ ዞሩ። ወደ እርሷ ሳይሆን ወደ ኋላዋ ነበር።

«እግርሽን አውርጂ!» አለች ሚዳቋ በሹክሹክታ።

እንጉዳይ ሞከረች። «እማ፣ አልወርድ አለኝ።»

«ኧረ ጌታው!» አለች እናቲቱ ወደ ፊት እየሮጠች። «እግሯ ተሰብሮ ነው እንጂ እርሷ ምን ሐሳብ አላት! በእናትዎ!»

«ምን አስደነገጠሽ?» አለ ቀበሮው። «ንጉሣችን የተቃዋሚን ሐሳብ መስማት ይወዳሉ። ነገ ጠዋት ወደ ዋሻው ትምጣና ታስረዳ። ሐሳብ የላትም የምትዪ ከሆነ ይህንኑ ራሷ ትነግራቸዋለች።»

ሚዳቋ ልጇን ይዛ ለመሸሽ ሞክራ ነበር። በሦስት እግር ግን ወንዙን መሻገር አይቻልም፤ ከወንዙ ዳርም የቀበሮው ዘመዶች ተቀምጠው ነበር፤ በትሕትና መልሰው አመጧቸው። ሲነጋ እንጉዳይ ወደ ዋሻው ገባች። እናቷን፣ «ሐሳብ የሚገለጸው ለብቻ ነው» ብለው ከደጅ አስቀሯት። ፀሐይ ዋርካው አናት ላይ ስትደርስ ቀበሮው ብቻውን ወጣ።

«ልጄስ?» አለችው።

እርሱ በአጠገቧ አለፈ። ወደ ሸንጎው ሄደና ጉቶው ላይ ወጣ። «የንጉሣችንን ጤና ለምትጠይቁ ሁሉ» አለ፣ «ንጉሡ ዛሬ በደንብ በልተዋል። የበሉትም እንጉዳይ ነው።»

እፎይታ በጉባኤው መሐል እንደ ነፋስ አለፈ። «እንጉዳይ! እንጉዳይማ የጾም ነው!» ተባባሉ። የልጅቱን ስም የሚያውቁት መሬት መሬት አዩ። የማያውቁት አጨበጨቡ፤ የሚያውቁትም ቆይተው አጨበጨቡ።

«ልጄ ናት!» ብላ ጮኸች ሚዳቋ። «እንጉዳይ ልጄ ናት!»

«ስሙን ያወጣሽላት አንቺ ነሽ» አለ ቀበሮው። «እኛ የጨመርነው ነገር የለም።»

ጎሽ ወደ እርሷ ጠጋ ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። «አይዞሽ እህቴ» አላት። «ቢያንስ መሐላው አልፈረሰም።»

ከዚህ በኋላ አዲስ ሥርዓት ወጣ። ልጁን በቅጠል ወይም በአዝርዕት ስም የጠራ ሁሉ ከላይኛው ውሃ እንዲጠጣ ተፈቀደለት። ከላይ ያለው ውሃ ንጹሕ ነውና ብዙዎች ልጆቻቸውን ጎመን፣ ሽምብራ፣ ሰላጣ ብለው ጠሩ። ሌሎቹ እንዲህ የሚያደርጉት ለውሃው ነው ብሎ ሁሉም ያማ ነበር። ንጉሡም ጎመን በሉ፤ ሽምብራ በሉ። ጎፈራቸው አማረ፣ ድምፃቸው ጠራ። ሐኪሟ ጦጢት በሸንጎ ተጠርታ፣ አትክልት ለንጉሡ እንደ ተስማማቸው መሰከረች። ስትመሰክር ማንንም አላየችም።

ሚዳቋ በዚያ ዘመን ከማንም ጋር አትነጋገርም ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ሌላ ልጅ ወለደች፤ እግሮቿ ደህና የሆኑ ሴት ልጅ። ስም ለማስመዝገብ ሸንጎ መቅረብ ግዴታ ስለ ነበረ ይዛት መጣች። ግልገሏ ገና መቆም እየተማረች ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ ቀበሮው ከጉቶው ላይ። «ማን አልሻት? ቅጠሌ? ጤናዳም?»

«ሥጋ።»

ቀበሮው ጆሮውን አቀና።

«ምን አልሽ?»

«ስሟ ሥጋ ነው» አለች ሚዳቋ። ድምፅዋ እንደ ድሮው ቀጭን ነበር፤ ነገር ግን ከዳር የቆሙትም ሰሙት። «ንጉሣችን ቅጠል በል ናቸው፤ ሥጋ አይበሉም። እንግዲህ ይህችን አይነኳትም ማለት ነው። ቢነኳትም እናንተ እዚያ ጉቶ ላይ ወጥታችሁ፣ ንጉሡ ዛሬ ሥጋ በሉ ማለት አለባችሁ። ሌላ ስም የላትም።»

ጎሽ ራሱን ቀና አደረገ። ከርከሮ ማኘኩን አቆመ። ከዋርካው ሥር ንጉሡ ዓይናቸውን ገለጡ። ለጥቂት ጊዜ በዚያ ሸንጎ ላይ አንድ ነገር ሊሆን የሚችል መሰለ። ቀበሮውም ያን ጊዜ ከጉቶው ወረደ።

በቀስታ እየተራመደ ወደ ግልገሏ ተጠጋ። ዙሪያዋን ዞረና አሸተታት። እግሮቿን አንድ በአንድ አየ። ከዚያም ቀና ብሎ ሚዳቋን ተመለከታት፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«መልካም ስም ነው» አለ። «እኛም ብንሆን ከእንጉዳይና ከጎመን በቀር ለንጉሡ ያቀረብነው ነገር የለም። ስለዚህ እመት ሚዳቋ፣ አንቺም በነበርሽበት ይህ ሸንጎ አልፎ አልፎ ሥጋ እንዲቀምሱ የሰጣቸው ፈቃድ እስከ ዛሬ አልተነካም።»