የመጋዘን በር ሞላ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ በሽምግልና መካከል አንዱ ወገን «ከቃሌ ንቅንቅ አልልም» ብሎ ሲደርቅ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለ አንድ የብረት ሞላ የሚያነሳበት ጊዜ አለ። የአገሩ ሰው ይስቃል፤ እንግዳው ግን ሞላንና እርቅን ምን አገናኛቸው ይላል። ነገሩ የሆነው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ምኒችል እንቁላል በብስክሌት እየጫነ ለአንድ ሆቴል የሚያስረክብ ሰው ነበር። ጭነቱን የሚደረድረው ከመሪው ፊት ባሰረው ሰፊ ቅርጫት ውስጥ ነው። ሲነዳ ደህና ነው፤ ሲያቆመው ግን ክብደቱ የፊት ጎማውን ወደ ጎን ይጠመዝዘውና ብስክሌቱ ከነቅርጫቱ ይወድቃል። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስቱም በሆቴሉ በር ላይ፣ ዕቃ ተረካቢዋ ወይዘሮ የሻረግ እያዩ ነው። አራተኛ ከደገመው ሌላ አቅራቢ እንደሚፈልጉ ነገሩት። ከሆቴሉ በቀር ቋሚ ደንበኛ አልነበረውም።

ስለዚህ ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ወደ ጋሽ ልየው ሄደ። ጋሽ ልየው የማይቸኩል ሰው ነው። ቅርጫቱ ላይ ድንጋይ ጫነ፣ ብስክሌቱን አቆመ፣ ጎማው ምን ያህል እንደሚዞር በስንዝሩ ለካ። ከዚያ መላው ሞላ መሆኑን አስረዳው፤ አንዱ ጫፍ ከብስክሌቱ አካል፣ ሌላው ጫፍ የፊት ጎማውን አቅፎ ከሚይዘው ብረት ጋር ይታሰራል፤ ጎማው ልዙር ሲል ስቦ ይመልሰዋል። ከጣሳው ብዙ ሞላ አውጥቶ፣ በየተራ ድንጋይ እያንጠለጠለ ሞከረና አንድ ቀጭን መረጠ።

ምኒችል በሁለት ጣቱ ለጠጥ አደረገው።

«ይሄማ የእስክሪብቶ ነው፣ ጋሽ ልየው።»

ዓይኑ ያረፈው ጥግ ላይ በተጣለ ሌላ ሞላ ላይ ነበር፤ የመጋዘን በር መልሶ ይዘጋ የነበረ፣ ጠንካራና ወፍራም ነው። ያ ካልታሰረለት ሌላ ጠጋኝ ዘንድ እንደሚሄድ ተናገረ። ጋሽ ልየው ለሙከራ አሰረው። ድንጋይ የተጫነበት ብስክሌት እንደ ምሰሶ ቆመ፤ ምኒችል መሪውን ገፍቶ ሲለቀው ጓ ብሎ ተመለሰ።

«አየህ?»

«መቆሙን አየሁ። መታጠፉን አሳየኝ።»

«ሦስቴ የተሰበረብኝ ስቆም ነው፣ ጋሽ ልየው። ስታጠፍ አንድም ተሰብሮብኝ አያውቅም።»

ይህ እውነት ነበር፤ ጋሽ ልየው ወፍራሙን ሞላ እንደታሰረ ተወለት። ሆኖም ያልተሞከረ ሥራ ከእጁ ወጥቶ ስለማያውቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት በራሱ ብስክሌት ተከተለው።

ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፤ ከውሃው ሃያ እርምጃ ሲቀረው ወደ ግራ፣ ወደ ሆቴሉ በር ይታጠፋል። ምኒችል መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መሪውን ሳበ። መሪው ጥቂት ዞሮ ተመለሰ። በትከሻው ጭምር ሳበው። ሁለት እጁ ከመሪው ጋር ሲታገል፣ ፍሬን የሚይዝ ጣት አልተረፈውም። ብስክሌቱ ሣሩን አልፎ፣ ደንገሉን ሰንጥቆ ውሃው ውስጥ ገባና ጭቃው ያዘው። አልወደቀም።

እንቁላሎቹ ግን ከቅርጫቱ ተወርውረው አንድ በአንድ ሰመጡ። የቆየ እንቁላል ይንሳፈፋል፤ ከነዚህ አንድም የተንሳፈፈ አልነበረም።

ወይዘሮ የሻረግ ወጥተው ዳር ላይ ቆሙ። ምኒችል እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ «እትዬ፣ ዛሬስ ሳቆመው አልወደቀም» አላቸው።

ጋሽ ልየው ቀድሞ ስለ ምኒችል ለመናቸው። እንቁላሉ ትኩስ መሆኑን ሐይቁ ራሱ መስክሯል፤ ጥፋቱ የሞላው ነው፣ ሞላውንም ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ቀጭኑን አስርለታለሁ አለ።

«አራተኛ ብያለሁ» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «ያልኩትን አላጥፍም።»

ጋሽ ልየው ውሃው መካከል ቀጥ ብሎ የተገተረውን ብስክሌት ብቻ በጣቱ አሳያቸው።

እሳቸውም ብዙ ጊዜ ወስደው አዩት። ከዚያ ለምኒችል፣ ቀጭኑን አሳስሮ ሰኞ እንዲያመጣ ነገሩት፤ ወደ በሩ ዞረው እየሄዱም፣ ለራሳቸው ይሁን ለእሱ ሳይለይ፣ «አልታጠፍ ያለ ሞላ፣ ከነእንቁላሉ ሐይቅ ገባ» አሉ።